ጨዋው ጠላቂ

በቺሎዌ ደሴት ዝናብ አይጠየቅም፣
ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይቅርታም አይልም።
ቅዳሜ ከሰዓት ጀልባው ልጅ ያወርዳል፣
እርጥብ ካልሲ ሁሉ ምድጃ ዳር ይሞቃል።
ለፋሲካ ሌሊት ስምንት ልጅ ሰጡኝ፣
ከጥምቀት፣ ከሜሮን፣ ከቁርባን አድርሽ አሉኝ።
አንዷ ቅብዓ ሜሮንን ከቅቤ አትለይም፣
አንዱ ጥርሱ ወልቆ "መስቀል" አይወጣውም፤
ማይኮል ደግሞ ዘወትር እጁን ያወጣና፣
"ቁርባኑ ይጣፍጣል?" ይለኛል እንደገና።

ዘጠነኛው ተማሪ በሩን ሲያልፍ ይጎብጣል፣
ከሕፃናት ወንበር ጕልበቱ ይተርፋል።
ኤውሎጂዮ ናዌልኪን፣ ስድሳ አንድ የሞላው፣
ከባሕር ወለል ላይ ዛጎል የሚለቅመው፣
የአየር ቱቦ ነክሶ፣ ሠላሳ ሜትር ወርዶ፣
ሲመሽ የሚመለስ ጣቱ እንደ በረዶ።
"ጨዋ ነኝ፣ ሴኞራ" አለኝ የመጣ ቀን፣
ባርኔጣውን ጨብጦ፣ እያየ ወለሉን፤
"ፊደል አልቆጠርሁም። ውኃ ግን አውቃለሁ።"
"የሚጀመር በሱ ነው፣ ተቀመጥ" አልኩ፣ ሳቅሁ።

ያስና ናት ያስጠናችው፤ ስምንት ዓመቷ ነው፤
በእርሳስ ጠረጴዛ እየመታች፣ "ዘለልከው!"
ጸሎተ ሃይማኖት በሱ አፍ ሲነበብ
እንደ ገመድ ነበር ወደ ጥልቅ የሚሳብ፤
"ሞተ፣ ተቀበረ" ሲል ትንፋሹን ይይዛል፣
ደረቱ ይነፋል፣ ዓይኑ ይፈጥጣል፣
"በሦስተኛው ቀን ተነሣ" ላይ ብቻ
ኡፍ ይላል፣ እንደ ደረሰ ከውኃው ዳርቻ።

ዘጠኝ ወር አለፈ፤ ነጭ ሸሚዝ ተገዛ፣
የክርስትና አባቱ ጫማው በቅባት ወዛ።
ሕማማት ሊገባ አንድ ሐሙስ ሲቀረው
አሮጊት ዶሚቲላ፣ ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው፣
ከማዶ ደሴት በድንች ጀልባ መጣች፣
በር ላይ ስም ዝርዝሩን አስነበበች፣ ቆመች።
"ኤውሎጂዮን? ይሄንን? እኔው አጥምቄዋለሁ!

ሰማያዊ ሆኖ ነበር የተወለደው። ትንፋሽ የለም።
ካህኑ በማዕበል ማዶ፣ ጕድጓዱ ዳገት ላይ፣
ባሕሩ ግን ደጃችን ነበር።
በዛጎል ቀዳሁ። ሦስቴ አፈሰስሁ።
አብን ጠራሁ፣ ወልድን ጠራሁ፣ መንፈስ ቅዱስን ጠራሁ።
ጨዉ ዓይኑ ሲገባ አለቀሰ፤
በዚያው ኖረ።
ለእናቱ ነግሬያት ነበር፤ በአራተኛው ቀን ነገሩን ይዛው ሞተች።"

አባ ጌርቫሲዮ ስልክ ደወሉ፣ መጽሐፍ ገለጡ፣
መነጽር አወለቁ፣ አሮጊቷን ደግመው ጠየቁ።
"አንድ ጊዜ ነው" አሉ። "አይደገምም።"

ያስና አኮረፈች። "ዘለልከው ያልኩት ሁሉ በከንቱ?"
እኔም ዝም። ለካስ ሳዘጋጀው የተዘጋጀ ነው፣
በር እከፍትለታለሁ፣ እሱ የቤቱ ሰው።
ጨዋ ነኝ ያለኝን እንደ ቃሉ ሰማሁ፣
ጨው እንዳለበት ግን ሳልቀምሰው ቀረሁ።

እሱ ብዙ ቆየ፣ ሸሚዙን እያየ።
"ታዲያ ያን ክረምት፣ ቱቦው የተበጠሰ ቀን፣
ከታች፣ በጨለማው... ክርስቲያን ነበርሁ?"
"ነበርህ።"
"ማንም ሳይነግረኝ?"
"ማንም ሳይነግርህ።"
ባርኔጣውን አደረገ። አወለቀ። እንደገና አደረገ።

የፋሲካ ሌሊት ልጆቹ ተራ በተራ
ከገንዳው ተመለሱ ጠጉራቸው ሲያበራ፤
እሱ ከዳር ቆሞ ሻማ ያዘላቸው፣
በሸሚዙ እጅጌ ፊት አበሰላቸው።
ሜሮን ተቀባና ቁርባን ተቀበለ፣
ጕልበቱ ሲንቋቋ ተንበረከከ፣ ዝም አለ።
ማይኮል ተራው ሳይደርስ በክርኑ ጎሰመው፤
"ይጣፍጣል?" ጠየቀው።
ጠላቂው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ቀስ ብሎ፣
"ጨው የለውም" አለው።