ሲስል

የጦሳ ጉም ወረደ፥ ሳይጠራው ማንም ሰው፣
አጥር ዘሎ ገባ፥ መስኮቱን አላበው።
ሆጤ ነው ቤታችን። ሐምሌ የገባ ለት
ምስማርም ያለቅሳል፥ ቀይ እንባ፥ በዝገት።

አባቴ ይህን ያውቃል።
ከቁም ሳጥኑ አናት ቆርቆሮውን አውርዶ
(የብስኩት ነበረ፤ ሥዕሉ ተፍቆ ሄዶ
የሴትዮዋ አንገትና ዶቃዋ ብቻ ቀርቷል)
መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ፥ ጨርቅ ላይ ይደረድራል፦
እጀታው የቀንድ የሆነ ምላጩን፣
ብሎኑ የላላ የጺም መቀሱን፣
ከባቲ ገበያ የገዛውን ጥፍር መቁረጫ፣
የእናቴን ወረንጦ፥ ለእግር እሾህም ለቅንድብም አንድ ዳኛ፣
እና ድንጋዩን።

«ኮምቦልቻ ሳለሁ፥ ጨርቃ ጨርቅ ስሠራ፣
ከቦርከና ጠጠር አንድ በአንድ ሳጣራ
እጄ ላይ የቀረው ይሄ ነው» ይላል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ልሶት
መሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል።

«ምላጭ ላይ አትቸኩዪ፤ ጀርባው ከድንጋዩ
አይነሣ ምን ጊዜም። ስለቱ ከላዩ
ወደ ፊት ሲሄድ ነው፤ ወደ ኋላ አይሆንም።
በቀበቶ ሲሆን ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ የኔ ዓለም፤
ቆዳ ላይ በስለት ከሄድሽ፥ ቀበቶዬን በላሽ።»
አንዴ በልቼለታለሁ። ሱሪው ላይ ጠባሳውን ይዞ ይዞራል።
«መቀስ ደግሞ ሆዱን አትንኪ፤ የሚሳል ጠርዙ ነው።
ሁለት ባልንጀራ ነው፤
ሆድና ሆድ ከተራራቀ፥ ክር እንኳ አይቆርጥ፥ ያኝካል እንጂ።»

አረቡ ገባች፥ ቶንዶሷን በፌስታል አንጠልጥላ፣
ልጇ ሙሄ ኮፍያ ደፍቶ፥ እንባ ይዞ ከኋላ።
ኮፍያው ሲወልቅ፥ ግማሽ ራሱ ሜዳ፣ ግማሹ ደን።
«ነጨው እንጂ መች ቆረጠው፣ ጋሽ ይመር!
እንዲህ ሆኖ እንዴት ትምህርት ቤት ይሂድ?»
አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፤ ሳሉም አልለቅ አለው።
ከዚያ ቶንዶሱን ፈታ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ
ከጥርሱ መሐል የከረመ ጠጉር አወጣ፦
የሙሄን፣ የታላቁን፣ የታላቁን ታላቅ፤
የቤተሰብ መዝገብ ያህል ተቆለለ።
ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት።
ሦስተኛው ብክነት ነው።
ልጁ ሙሉ ራስ ሆኖ ሄደ።

ሌሊት ግን
ከግድግዳው ወዲያ እሰማዋለሁ፥
ሲስል።
ምላጩን ይሁን ደረቱን፥ አማርኛው አይለይልኝ፤
አንድ ቃል ነው ለሁለቱም፥ ጆሮዬን አታለለኝ።
ሽው፣ ሽው፣ ካለ ድንጋዩ ነው።
እህ፣ እህ፣ ካለ የጥጥ ብናኙ ነው፥
በፋብሪካው ዘመን የዋጠው።
አንዳንዴ ተራ ይጠባበቃሉ፤
አንዳንዴ አብረው ይመጣሉ።

ምላጩን በቀን አየሁት፦ ቀጥኖ የጤፍ ቅጠል አክሏል።
መሳል ማለት ለካ ከብረቱ መቀነስ ነው፤
ጠብቆ ያኖረው እጅ፥ ራሱ በየሳምንቱ ጨረሰው።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።
«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ?» አለና ፈገግ አለ፤
የተረቱን ግማሽ ተናግሮ
ግማሹን በሳል ጨረሰው።

እኔም ተሳልኩ።
ምን ብዬ፣ የት፥ አልናገርም፤
ስለት ሲወራ ይደነዝዛል።

ትናንት፥ ጁምዓ ሊገባ፣
ቆርቆሮውን እኔ አወረድኩት፥ ጺሙን ላስተካክልለት።
እሱ አልጋው ላይ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፤
ጉሙ መስኮቱ ላይ፣ ግባ እንዳልተባለ እንግዳ ቆሞ፤
እኔ ድንጋዩ ላይ፣ ጀርባውን ሳላነሣ፣ ስለቱን ወደ ፊት፣
ሽው፣ ሽው፣
«ማነው እሚስለው?» አለ።
«እኔ ነኝ።»
ትንሽ ዝም አለ። ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠኝ።
«ውሃ ጨምሪበት።»