የበረኛው ጥያቄ

ከፋሲል ግንብ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት
ቲኬት ሲቀድ የኖረ፣ ጓንጉል የሚሉት፣
ሦስት ደረጃ መውጣት ተራራ ሆኖበት
በእህቱ ትከሻ ላይ ክንዱን ጥሎ መጣ፤
እግሩ እንደ ሰው ዕቃ፣ ከኋላው፣ ዘግይቶ መጣ።

«ሪህ ነው» ብለውት ነበር። «ብርድ ነው፣ የቀሃ ብርድ።»
ቅቤ ታሸ። ጠበል ሄደ።
ዓመት ሳይሞላ አንዱ ዘንግ ሁለት ሆነ፤
ሽንቱም እንደ እግሩ አልታዘዝ አለው፤
ይህን ግን ለማንም አልነገረ።

እኔ ላቦራቶሪ ነኝ። ሰው በስሙ አይደርሰኝም፤
በቁጥር ነው፣ በብልቃጥ፤ ፊቱን አላይም።
ከጀርባው የተቀዳው ፈሳሽ ጥርት ብሎ ሲደርሰኝ፣
(ጥርት ያለ ነገር ነው ሁልጊዜ የሚያታልለኝ)
መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪያጓራ ጠበቅሁ፤
ከዚያ በማይክሮስኮፑ ዓይን ቁልቁል አየሁ።
ነጭ የደም ሴሎች፣ ሊኖሩ በማይገባበት፣
ክብ ክብ፣ ጠቆር ጠቆር፣
እንደ ለቅሶ ደራሽ ተኮልኩለው በሰው ቤት።

ናሙናው አዲስ አበባ ሄደ። በአምስተኛው ሳምንት
መልሱ መጣ፤ ስሙን ስጠራው ምላሴ ተሳሰረበት።

እንዲህ ነው አመሉ፦
ከሰውነት ሁሉ መርጦ ዘቡን ነው የሚይዘው።
አይገድለውም። ክፋቱ ይኸው ነው።
መለዮውን አይገፍም፣ ጠመንጃውን አይቀማም፤
በዘረመሉ ብራና ጥግ፣ በኅዳጉ ላይ፣
የራሱን ጥቂት መስመር ይጽፋል፤
ዘቡም ከዚያ ወዲያ የሰማውን ሳይሆን
የተጻፈበትን ያነባል።
ሳይጠሩት ይበዛል፣ ሳይልኩት ይሄዳል፣
ደምን ከነርቭ የሚለየውን ቅጥር፣ መግቢያውን ያውቃል።
የግቢው ሰው ነዋ! ማን ይከለክለዋል?
ኅብለ ሰረሰር ገብቶ «ጠላት! ጠላት!» ይላል፤
በዚያ ያንቀላፉት የነርቭ ጠባቂዎች ይባንናሉ፣
ያገኙትን ያቀጣጥላሉ።
ጠላት የለም። እሳቱ ግን አለ።
የነርቩ ልባስ እንደ ጧፍ ሰም ቀለጠ፤
«ተራመድ» የሚል ቃል ከራስ ተነሥቶ
መንገድ ላይ ተቆረጠ።

ዶክተር አዝመራው «ብግነት» አለው።
«ቃጠሎ ነው?»
«እንደዚያ ነው።»
ጓንጉል ዝም አለ፤ እንደ በረኛ አሰበ።
«ይሁን» አለ። «ግን ማን አስገባው?
በየት በር? በስንት ሰዓት?»

ውጤቱን ይዤ ደጃፉ ላይ ነበርሁ።
ወረቀቱን ገልብጬ ባዶውን ገጽ አነበብሁ።

«ምናልባት» አለ ሐኪሙ፣ ቀስ ብሎ፣ «በልጅነትህ።
በጡት ወተት ገብቶ፣ አርባ ዓመት ተኝቶብህ።»

«እናቴ ትርንጎ?» አለ ጓንጉል።
«እናቴ እኮ በሩን ሦስቴ ሳትገፋ
አትተኛም ነበር።»

ሌላ ምንም አላለ።

ኮሪደሩ ላይ እህቱ እንጉዳይ፣ የዚያችው የትርንጎ ልጅ፣
ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ሕፃኗን ታጠባለች።
አዲስ ብልቃጥ ይዤ ወጣሁ፤ ደሟን ልቀዳ።
«አንዴ ቆይኝ» አለችኝ፣ «አሁን ይጠግባል።»
ሕፃኑ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን በጣቷ ጠቅልሎ፣
ሲውጥ ይሰማል።

ብልቃጡን በመዳፌ እያሞቅሁ ቆምሁ፣
እንደ በረኛ፣
የቱን በር እንደምዘጋ ሳላውቅ።