ሠንጠረዥ ሰባት

ማክሰኞ ሊመጡ ገምጋሚዎች ናቸው፣
ከቢሽኬክ በአይሮፕላን፤ አምስት ነው ቁጥራቸው።
ኦሽ ላይ ተቋማችን ኮሪደሩን ቀባ፣
ከወገብ በታች አረንጓዴ፤ ሽታው ክፍል ድረስ ገባ።
የሬክተሩ ሾፌር ከገበያ ሄዶ፣
ሦስት የላስቲክ ዘንባባ ጭኖ መጣ ማልዶ።

እኔ የጥራት ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ዳር ላይ፣
መስኮቴ ተራራ ሱለይማንን የሚያይ፣
ሁለት መቶ ዐሥር ገጽ ራሳችንን ገምግሜ፣
ዐሥሩን መስፈርት በዐሥር ፋይል ደረደርኩ፣ አርሜ ደጋግሜ።
የተማሪ እርካታ፦ ዘጠና አራት ከመቶ፣
ግማሹ መልስ ከአንድ እጅ፣ በአንድ ሌሊት ተሞልቶ።
የማን እጅ ነው? አትጠይቁኝ፤ ቀለበቱን አውቀዋለሁ፣
አሁንም በዚያው ጣት ይኸው ይህንን እጽፋለሁ።

ሠንጠረዥ ሰባት ላይ «ማይክሮስኮፕ፦ ዐሥራ ሁለት»፤
ሕዋሱ አረንጓዴ በራ፣ አላገኘሁበት ስሕተት።
ቁጥር አይዋሽም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ አፍ የለውም፣
የሚዋሽ ቆጣሪው ነው፤ ቆጥሮም አይደክመውም።

ቶክቶቡቡ ግን አለች፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቁልፍ፣ በአንድ ሽርጥ፣ በአንድ ወንበር፤
ጣቷ አዮዲን የጠጣ፣ የሻይ ብርጭቆ ይመስል ነበር።
ዐሥራ ሁለቱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ዘጠኙ ዓይነ ስውር ናቸው፤
ሦስቱን ግን በክር እያሰረች፣ እየወለወለች አኖረቻቸው።
ሽንኩርቱን በገንዘቧ ገዝታ፣ ልጣጩን በምላጭ ገፍፋ፣
ሠላሳ ስምንት ተማሪ በሦስት ሰልፍ አሰልፋ፣
«ለያንዳንድሽ ሁለት ደቂቃ፣ ለያንዳንድህ ሁለት» ትላለች፤
ያላየ ልጅ ካለ ደግሞ በሩን ሳትዘጋ ታመሻለች።

ማክሰኞ ሆነ።
ሚርላንቤክ፣ የቡድኑ መሪ፣ መነጽራም፣
ፋይሎቼን አገላብጦ «ግሩም» አለ፤ ፈገግ አላለም።
ወርዶ ቤተ ሙከራ ገባ፤ «እስቲ አንቺ ደግሞ ንገሪኝ፣
ጥራት ማለት ምንድን ነው?» አላት፤ እኔን ላብ አሰመጠኝ።
መፈክሩን አስጠንቻት ነበር፤ ሦስት መሥመር፣ በቃልዋ።
አልተናገረችም። ብርጭቆው ላይ ሽንኩርት አኖረች፣ በዝግታዋ።
ጎንበስ አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ ሁላችን፣ እንደ ልማዱ።
«ተው ልጄ» አለችው፣ «ሁለቱንም ክፈት፤ ይደክማል ያየ በአንዱ።»

ክፍሉ ዝም አለ። ያልተጠገነ ቧንቧ ብቻ፣ ጠብ፣ ጠብ።
ሰውየው ቀና አላለም፤ ደብዳቤ እንደሚያነብ፣ በልብ።

ማታ ቢሮዬ ተመለስኩ። ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም።
ሠንጠረዥ ሰባትን ከፈትኩ። ሬክተሩን አላስፈቀድኩም።
ዐሥራ ሁለቱን ሰርዤ «ሦስት» ብዬ ጻፍኩበት፤
አረንጓዴው ሕዋስ ቀላ፣ ደም እንደ ዞረበት ፊት።
በሁለት መቶ ዐሥር ገጽ ላይ፣ ከሞቱት ሕዋሶች መሐል፣
እሱ ብቻ ነበር ሕያው፤ በባዶ ዓይን ይታያል።

ውጤቱ መጣ፦ «ለአንድ ዓመት፣ በቅድመ ሁኔታ።»
ሬክተሩ ደረጃው ላይ ሲያልፍ ነሣኝ ሰላምታ።
ማይክሮስኮፑ አልመጣም፤ ጨረታ ላይ ነው ይላሉ፤
የላስቲኩ ዘንባባዎች አቧራ ለብሰው እዚያው አሉ።
ቶክቶቡቡ ትናንት ደረጃ እየቆጠረች ወጥታ፣
ሻርፗን ሳትፈታ፣
«ሽንኩርት ተወዷል» አለችኝ፤
ኪሴን ዳብሼ ሰጠኋት፤ ያለ ደረሰኝ።