መቃን

መንገዱ ሊሰፋ አራዳ ተለካ፤
ሊያፈርሱት ያሉት ቤት በሩ ጥድ ነው ለካ።
በመሮ ስፍቀው ቀለም ከቀለም ሥር፣
የልብስ ሰፊው ቡኒ፣ የጠጅ ቤቱ ጥቁር፣
ከሁሉም በታች ግን ቀኝ መቃን አሳየኝ
ጋደም ያለ ስርጉድ፤ «ምንድን ነው» አሰኘኝ።

ቆዳ ጨው አልባሹ ጋሽ ይማም ሲሰማ
«የሙሴ ባሩክ ነው» አለኝ ሳያቅማማ፤
«የአደን ሰው፣ ይሁዲ፣ ሚዛን የሰቀለ፣
ቅዳሜ ሚዛኑን በሻሽ የከለለ።
ሲገባ ነካ አርጎ ጣቱን ይስም ነበር፣
እኛም ተላምደነው፣ ማታ ስንዘጋ በር።»

መቃብሩን እንጃ።
መቃኑን ወሰድኩት፣
ጦሳ ሥር ካለችው ጎጆዬ ገጠምኩት።

ለመውሊድ ሚስቴ ግን ሁሉን ቢጫ ቀባች፤
ስርጉዷ ላይ ደርሳ ብሩሿን ገታች።
«ምንድን ነው?» አለችኝ።