አራተኛዋ ብሎን

ጎርፉ ባለፈ ማግስት፣ ደቻቱ አሸዋው ሲደርቅ፣
ወረድን እኔና ሙሜ፣ ብረት ልናጠያይቅ።
አዲሱ መፈለጊያ የኔ ነው፤ ቀላል፣ እንደ ሸንበቆ፣
ብርም ይሁን ቆርኪ፣ ይነግራል ቁጥር አውቆ።
ክንድ ከሚያህል ጥልቀት የብር ጉትቻ አሸተተ፤
እውነት እንናገር ካልን፣ አሮጌው ያንን ሳተ።

አሮጌው የሙሜ ነው፤ ትከሻ ያዝላል፣
ለሚስማርም ለብርም እኩል እንደ ተርብ ጥዝ ይላል።
ሆዱ ግን ይከፈታል፣ በአራት ብሎን ብቻ፤
ታይዋን የተጣለ ሬዲዮ ይሆነዋል መለዋወጫ።

ያን ቀን ሽቦው ላልቶበት፣ ጉልበቱ ላይ ሲፈታው፣
ከእጁ አንዷን ብሎን አሸዋው ቀማው።
አዲሱን አዟዟርኩት።
ዝም።
ብረት ውዳቂ ነው ብሎ ተምሯልና።
ሙሜ በሦስት ብሎን አሮጌውን አስነሳና
ከእግሬ ሥር፣ ጥዝ!
የገዛ ብሎኑን ጠቆመን።

ግንቦት ላይ፣ በድሬ ወበቅ፣ አዲሱ ደነዘዘ።
ሙሜ አገላበጠው፤ ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰ።
በር የለው፣ ብሎን የለው፤ ሙጫ ብቻ።
«እንቁላል ነው» አለኝ፣ «ካልሰበሩት አይከፈትም።»

መደርደሪያዬ ላይ ተኝቷል፣ ከነመስታወቱ።
ጉትቻዋም አለች፣ አጠገቡ፤
ጥንዷን እስካሁን አላገኘንም።