ሁለት ቤት

ስሜ ኒባልዶ ነው፤ ሥራዬ መሸከም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከእንደራሴዎች ቤት ወደ ሴኔት፣ ሳልደክም—
ሳልደክም ስል ዋሸሁ። ጉልበቴን ጠይቁት፤
የቫልፓራይሶን ደረጃ ያውቀዋል፣ ስንቴ እንደወረዱት።

በዚያ ክረምት የያዝኩት ቀጭን ረቂቅ ነበር፤
አንድ ገጽ ተኩል፣ እፍ ቢሉት የሚበር።
"ውኃ" ይላል አንቀጹ "ለሰው ጥም ይቅደም፤
ከተረፈ ለአቮካዶ፤ ከዚያ በፊት አይደለም።"

ኤደልሚራ ኦልጊን፣ ወንዟ የሞተባት፣
ሰሃን ያጠበችበት ውኃ ልብስ የሚያጥብላት፣
ልብስ ያጠበው ደግሞ ሽንኩርት የሚያጠጣላት፣
ሐሙስ ሐሙስ ቦቴ በባልዲ የሚሰፍርላት፣
ድፍርስ ውኃ በጠርሙስ ይዛ ከሰገነቱ ወጣች።
ጥበቃው "ፈሳሽ ክልክል ነው" ቢላት፣
"ፈሳሽ አይደለም፣ ማስረጃ ነው" አለች።

ታችኛው ቤት ጮኸ፣ ተሳደበ፣ አነጠሰ፤
እጅ ሲቆጠር ግን፣ ማታ በአራት ሰዓት፣ ደረሰ።
አለፈ። "ይቅደም" የምትለዋ ቃል እንዳለች፣
ይዣት ወጣሁ፤ ከማተሚያው እንደወጣች፣ ትኩስ እንደነበረች።

ሴኔት ምንጣፉ ወፍራም ነው፤ ኮቴ አይሰማም።
እዚያ ማንም አይጮኽም፤ እዚያ ማንም አይስማማም።
ሰባት ወር ተኛ። ኮሚቴ ገባ፣ ኮሚቴ ወጣ፤
ሴናተር ጎይኮሌአ በቀጭን እርሳስ አንዲት ቃል አመጣ።
"ይቅደም" ተሠርዞ "ይታሰብ" ተባለ።
አንድ ቃል ብቻ። ሕጉ ቆሞ ነበር፤ ቁጭ አለ።
"ይታሰብ?" አለች ኤደልሚራ፣
"እኔስ ሳስበው አይደል የኖርኩት?"

ግጥም ሁለት ስንኝ ነው፣ ቤት የሚመታ፤
ሕግም እንደዚያው ነው፣ ሁለት ቤት የሚፈታ።
አንዱ በ"ደም" ሲጨርስ ሌላው በ"ሰብ" ከጨረሰ፣
ቤት አልመታም ተብሎ ወደ አስታራቂዎች ተመለሰ።

ግን አልዋሽም። አንድ ጊዜ፣ ጢሜ ገና ጥቁር ሳለ፣
ታችኛው ቤት በአንድ ሌሊት፣ በቁጣ፣ ክርክር ሳይባል፣
በጥርጣሬ ብቻ ሰው የሚያሳስር ሕግ ሲደነግግ፣
ያ ወፍራም ምንጣፍ ነው የያዘው፣ እንዳይዘልቅ ከደጅ ጥግ።
"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል"
ይባል የለ? ተንጠልጥዬ አውቃለሁ።
ተንጠልጥሎ ውኃ መቅዳት ግን ይከብዳል።

አስታራቂዎቹ አሥር ነበሩ፤ አምስት ከዚህ፣ አምስት ከወዲያ፤
ዳቦ እየቆረሱ አደሩ።
"ይቅደም" ተመለሰች፣ ከነማሟያ፦
"ወጪውን መንግሥት ይሸፍን።" መልካም።
ወጥመዷ እሷው ነበረች።

ከዚያ ሳንቲያጎ፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ። ሠላሳ ቀን አለው፤
በሃያ ዘጠነኛው ማታ ፖስታ መጣ፤ ቀላል ነው።
አልፈረመም፤ አልቀደደም። "አስተያየት" ይሉታል ቬቶውን፤
"ገንዘብ የሚነካ ሐሳብ ማመንጨት የእኔ ሥልጣን ነው" ብሎ
ወጪዋን ሠረዘ፣ አብሯትም "ይቅደም" የምትለውን።

ያንን ለመሻር ከሁለቱም ቤት ከሦስት ሁለት እጅ ያሻል።
ታችኛው ሞላ። ላይኛው አንድ ሰው ጎደለ፤ ጥርሱን አሞት ኖሯል፤
ሴናተር ቪልቼስ ጉንጩን ይዞ ሐኪም ዘንድ ነበረ።
አንድ መንጋጋ ስንቱን ጉሮሮ ዘጋ! ስንቱን ሸለቆ አስቀረ!

ኤደልሚራ ሄደች፤ አውቶቡስ አይጠብቅም፤ ነገ ሐሙስ ነው።
ጠርሙሱን ከወንበሩ ሥር ትታዋለች፤ ሳጸዳ አገኘሁት።
ከጠዋት እስከ ማታ የነካው የለም፤
ጭቃው ታች ሰፍሯል፣ ላዩ ጠርቷል፣ ብርሃን ያሳልፋል።
"ረቂቅም ሲቆይ ይጠራል" የሚሉ አሉ፤ እውነት ይሆናል።
ከላዩ ቀመስኩት።
ጨው ጨው ይላል።

በመጋቢት አዲስ መዝገብ ሰጡኝ፣ አዲስ ቁጥር፤
አንድ ገጽ ተኩል። ቃሏን ፈለግኋት፤ አለች።
ደረጃውን ጀመርኩት፣ ባልታመመው እግር።