ፈረቃ

በኛ ሰፈር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤
ማክሰኞ ሌሊት፣ ከስምንት ሰዓት ወዲያ፣ የሰው ጆሮ ቧንቧ ላይ ነው።
መጀመሪያ አየር ያስላል፤ ቀጥሎ ዝገት ይተፋል፤
ከታደልን፣ ወደ ንጋት፣ የበርሜል ሆድ ያጉረመርማል።

እኔም በፈረቃ ነኝ።
ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፤ ገና ሦስት ይቀረኛል።
እናቴን "ልጅሽ የምን ሐኪም ናት?" ሲሏት
"የኩላሊት" ትላለች፤
ከኩላሊት በታች ያለውን አፏ አይደፍረውም።

የማንቆርቆሪያው እጀታ ላይ ክር አስሬ እፈታለሁ፤
በቀኝ መቶ፣ በግራ መቶ፣ ቋጠሮ እቆጥራለሁ።
ታክሲ ውስጥ የቦርሳዬ ማንገቻ፣ ስብሰባ ላይ የወንበር እግር፤
የቀረኝ የዶክተር ዘርጋው ምላስ ነው፣ እሱን ደግሞ ማን ያስር!
"ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን፣
የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው" ይለናል ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፤
"እናንተ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ ንገሩኝ።"

ቅዳሜ ከጥጋቡ ስጋ ቤት የበሬ ፊኛ እለምናለሁ።
"ለውሻ ነው?" ይለኛል ቢላውን እየሳለ።
"ለመስፋት ነው።"
"ምን? ኳስ?" ይስቃል፤ በነጻ ይጠቀልልልኛል።
ቤቴ ወስጄ በምላጭ እቀደዋለሁ፣ በሚሟሟ ክር እሰፋዋለሁ፤
ከበርሜሌ በጣሳ ቀድቼ፣ ሞልቼ፣ እጨምቀዋለሁ።
ጠብ ካለ፣ እንደገና።
ጠብ ካለ፣ እንደገና።

ማክሰኞ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ።
ኦቦ ሂርጳን ከገላን በባጃጅ አመጧቸው፤
ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ውሃ ሽንታቸው ታግዶ፣
ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ።
"ወንድ ሐኪም የለም ወይ፣ ልጄ?"
"የለም አባባ። የዛሬ ተረኛ እኔ ነኝ።"
ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤
እጅ ስለ መታጠብ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ እሱን አነበቡ።

ቱቦው ገባ፣ ገባ፣ ቆመ።
ያ ያበጠ ዕጢ በሩ ላይ ተቀምጧል፣ እንደ ቂመኛ ዘበኛ።
እጄ መግፋት አማረው።
የዘርጋው ድምፅ ከየት መጣ፦ "አትግፊ!
ጉልበት የውሸት መንገድ ይከፍታል።
እውነተኛው ጠባብ ነው፤ ግን አለ።"
አወጣሁት። ጫፉ የተቆለመመውን አነሳሁ፣
አፍንጫው ወደ ሰማይ እንዲያይ አድርጌ።
"አባባ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ። ከብት አለዎት?"
"ነበሩ። መሬቱ ሲሄድ አብረው ሄዱ።"
"የት ነበር መሬትዎ?"
"ቱሉ ዲምቱ፤ አሁን ፎቁ ያለበት።
ምንጭ ነበረን እዚያ፣
በጋ ከክረምት የማይነጥፍ፣ ለሰውም ለከብቱም የሚበቃ..."
ይህን ሲያወሩ ሰውነታቸው ራሱን ረሳ፤
ቱቦው አለፈ።

መጣ።
መጀመሪያ ደም የነካው፣ ቀጥሎ ጠጅ የመሰለ፣
ከዚያ ዝም ብሎ የሚወርድ፤
ስምንት መቶ፣ አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ።
ኦቦ ሂርጳ ከግድግዳው ዞሩ፤ አሁን ገና አዩኝ።
"ውሃሽ አይንጠፍ" አሉኝ።

ጠዋት ዘርጋው መዝገቡን አገላበጠ።
"ስንት ሙከራ?"
"ሁለት።"
"አንድ ይበቃ ነበር" ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ ጎረቤቴ ደረጃውን ታጥባለች፤
"ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አደረ እኮ! የት ሄደሽ ነው?"
በርሜሌ ባዶ ነው።
"ምንጩ ጋ" ልላት ነበር፤
"ተረኛ ነበርኩ" አልኳት።
አንድ ጀሪካን አበደረችኝ።